ማርሚታውን ራሳችን ስንገጥም

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ይልና ከንግግሩ ሥር ቀስ ብሎ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ የዛሬው ዝግጅት መኪና ያለውንም፣ የሚነዳውንም፣ ተሳፍሮ የሚሄደውንም ይመለከታል። ስለ ጭስ ማውጫ ነው፤ በጋራዥ ቋንቋ ስለ ማርሚታ።

ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። "ማርሚታው ተበስቷል፤ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አዲስ ላስመጣና ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልግጠመው ወይስ ጋራዥ ልውሰደው?" የሚል። አጭሩ መልስ ይህ ነው፤ የኋላውን ክፍል መግጠም ይቻላል፣ ደልዳላ መሬት፣ ደህና መፍቻና ትዕግሥት ካላችሁ። ከሞተሩ ጋር የሚገናኘውን የፊቱን ክፍል ግን ለባለሙያ ተዉት። ረጅሙን መልስ ዛሬ እንነጋገርበታለን።

አዲስ ማርሚታ የሚገዛ ሰው፣ በተለይ ወጣት ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ድምፁ ነው። ቀጥሎ "ጉልበት ይጨምራል ወይ?" ይላል። ጭሱ በየት በኩል እንደሚወጣና መጋጠሚያው ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው። እኔ ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። ይህ ዕቃ የተሠራው መርዙን ከተሳፋሪው አፍንጫ አርቆ እንዲጥል ነው፤ ድምፁም ጉልበቱም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ለመሆኑ ማርሚታ ለምን ይበሳል? ብዙዎቻችን የምናማርረው ጭቃውንና ዝናቡን ነው። ውሸት አይደለም። እዚህ ጌዴኦ ላይ ከመጋቢት ጀምሮ የሚጥለው ዝናብ በመኸርም ይመለሳል፤ መንገዱ ብዙ ቦታ በዛፍ፣ በቡናና በእንሰት መካከል ስለሚያልፍ የመኪናው ሆድ ቶሎ አይደርቅም። ዋናው ጠላት ግን ከውስጥ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል በግምት አንድ ሊትር ውሃ ይወጣዋል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም፤ ነገር ግን በቤንዚን ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ የሚሆነው ውሃ ነው። ጠዋት መኪና ሲነሳ ከጭስ ማውጫው ጫፍ ጠብ ጠብ የሚለው እሱ ነው፤ ምሥጢራዊ ብልሽት አይደለም፣ ሞተሩ ውስጥ ውሃ ገባ ብላችሁም አትደንግጡ።

ችግሩ ያ ውሃ ማርሚታው ውስጥ ሲቀር ነው። ነዳጅ ውስጥ ካለው ድኝ የሚመጣው ጋዝ ይቀላቀልበትና ወደ አሲድ ይለወጣል፤ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ከዲላ ተነስቶ ሐዋሳ የሚደርስ መኪና 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ ማርሚታው በደንብ ይግላል፣ ውሃውም ተኖ ይወጣል። ከመናኸሪያ አካባቢ ተነስቶ ዩኒቨርሲቲው ኦዳያአ ግቢ ድረስ ብቻ እየተመላለሰ የሚውል የቤት መኪና ግን ማርሚታው ለብ ይልና ይቆማል፤ ውሃው እዚያው ይተኛል። ስለዚህ ብዙ የሚሠራው መኪና ማርሚታው ሰንብቶ፣ ትንሽ የሚነዳው መኪና ማርሚታ ቀድሞ ቢበሰብስ አትገረሙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ አዲስ ማርሚታ ከሆዱ ሥር በጣም ትንሽ ቀዳዳ አለው። "ተበስቶ ነው የሸጡልኝ" ብሎ በያጅ ጋ ወስዶ የሚያስደፍን ሰው አለ። አታስደፍኑት፤ ውሃው እንዲንጠባጠብበት ሆን ተብሎ የተበሳ ነው።

ስለ ግዢው እንነጋገር። ገበያ ላይ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ብረት ታገኛላችሁ፤ ተራ ጥቁር ላሜራ፣ በአሉሚኒየም የተለበጠ ላሜራና የማይዝግ ብረት ወይም ስቴይንለስ። ዕድሜያቸውም ዋጋቸውም በዚሁ ቅደም ተከተል ይጨምራል። ሻጩም ገዢውም ስቴይንለሱን በማግኔት መፈተን ይወዳሉ፤ ማግኔት ከያዘው "ይሄ ፎርጅድ ነው" ይባላል። ይህ ፈተና ለማርሚታ አይሠራም። ለጭስ ማውጫ ከሚውሉት የማይዝጉ ብረቶች ውስጥ በጣም የተለመደው ዓይነት ራሱ ማግኔት ይይዛል። ከማግኔቱ ይልቅ ብየዳውን ተመልከቱ፤ መገጣጠሚያው ዙሪያውን ያልተቋረጠ ነው ወይ? ክብደቱን ከአሮጌው ጋር አመዛዝኑ። ስታንቀጠቅጡት ከውስጥ የሚንኳኳ ነገር ካለ መልሱት።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ልክ። አሮጌውን ሳትፈቱ ከዲላ ደውላችሁ "የኮሮላ ማርሚታ ላክልኝ" ብትሉ የኮሮላ ዓይነቱ ስንት ነው! የመኪናውን ሞዴል፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የሞተሩን ኮድ ንገሩ። የቱቦውን ውፍረት በካሊበር ለኩ፤ የውጩ ልክ ነው ወይስ የውስጡ የሚለውን ለይታችሁ ጻፉ፤ አንዱ ቱቦ ሌላው ውስጥ የሚገባ ከሆነ የሁለቱ ሚሊ ሜትር ልዩነት ነው ጭሱን የሚይዘው ወይም የሚለቀው። የማንጠልጠያ ጆሮዎቹን ቦታ ከአሮጌው ጋር አስተያዩ፤ ከተቻለ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ።

አዲስ መኪና ከመግዛት ይልቅ ያለውን ማቆየት በአገራችን ግድ እየሆነ መጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። ስለዚህ ዛሬ ዲላ ጎዳና ላይ የምታዩት ቪትዝና ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል፤ ማርሚታውም ገና ብዙ ጊዜ ይቀየራል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ወደ ጉልበቱ ጥያቄ እንምጣ። "ስፖርት ማርሚታ" የሚባለው ሰፊ ቱቦና አነስተኛ ማፈኛ ያለው ነው። ሐሳቡ፣ ጭሱ በቀለለው መጠን ሞተሩ ይፈታል የሚል ነው። በውድድር መኪና፣ በከፍተኛ ዙር፣ ይህ እውነት ነው። በ1.3 ሊትር ኮሮላ ላይ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ጭስ ከሞተር የሚወጣው በምት በምት ነው። ልኩን በጠበቀ ቱቦ ውስጥ አንዱ ምት በፍጥነት ሲሄድ ከኋላው የአየር ግፊቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ቀጣዩን ምት ስቦ ያወጣል። ቱቦውን ስታሰፉት፣ ጠባብ ገደል ውስጥ ይሮጥ የነበረ ወንዝ ሜዳ ላይ ሲደርስ እንደሚያዘግመው ፍጥነቱ ይወድቃል፤ መሳቡም ይቀራል። ውጤቱ? በዝቅተኛ ዙር፣ ማለትም ዳገት ስትጀምሩና ጭነት ስትይዙ፣ መኪናው ይደክማል።

የእኛ አገር ደግሞ ዳገት ነው። ዲላ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ወደ ቡሌ ደጋ ወጥታችሁ 2,500 ሜትርን ስታልፉ ጉድለቱ ከ20 በመቶ ያልፋል። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ የሳሳ አየር ነው። ጉልበቱ የጎደለው መግቢያው ላይ ነው፤ መውጫውን በማስፋት የሚመለስ አይደለም። ገንዘባችሁን የአየር ማጣሪያ በጊዜው መቀየር ላይ ብታውሉት ቡሌ ዳገት ላይ የበለጠ ትጠቀማላችሁ። ደግሞ ስፖርት ማርሚታ ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል። በቡና ወቅት ወደ እጥበት ጣቢያ የሚገባውን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የመጀመሪያው ድንጋይ ይነቅለዋል።

ድምፁስ? ማርሚታ ድምፅ የሚያፍነው ጭሱን በማነቅ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እንዲያ አይደለም፤ ሆዱ ውስጥ ክፍሎችና የተበሳሱ ቱቦዎች አሉ፤ የድምፁ ሞገድ በእነዚህ እየተመላለሰ እርስ በርሱ ይጣፋል። አንዳንዱ ደግሞ እንደ መስታወት ጭረት ያለ ድምፅ የሚውጥ ነገር ታጭቆበታል። የሐሳቡ ዕድሜ ረጅም ነው፤ ሚልተን ሪቭስና ወንድሙ ማርሻል አሜሪካ ውስጥ የሞተር ድምፅ ማፈኛ ብለው የፈጠራ መብት ያስመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፣ እኛ አገር አንድም መኪና ከመድረሱ በፊት። ስለዚህ ሆዱን አስወጥቶ ባዶ ቆርቆሮ ማንጠልጠል፣ አንዳንድ ቦታ እንደሚደረገው፣ የሚጨምረው ጩኸት ብቻ ነው። ሌሊት ሆስፒታል አጠገብ፣ ተማሪ የሚያጠናበት ግቢ አጠገብ እየጮኸ የሚያልፈውን መኪና ነጂው ብቻ ነው የሚወደው። ዓመታዊው የቦሎ ምርመራም አለ፤ መሠረቱ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። የሚጮህና የሚያፈስ ማርሚታ ይዛችሁ መርማሪ ፊት መቆም በገዛ እጅ ችግር መጥራት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ግቢያችሁ እንግባ። ማርሚታ የሚለወጠው መኪና ሥር ተኝቶ ነው። በዚህ ሥራ ሰው የሚሞተው በማርሚታው ሳይሆን በመኪናው ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ዘግየት ብዬ ልናገር።

ክሪክ ማንሻ ነው፣ መደገፊያ አይደለም። መኪና በክሪክ ብቻ ተነስቶ ሥሩ አይገባም፤ "አንዴ ብቻ፣ ቶሎ እወጣለሁ" የሚባል ነገር የለም። መኪናውን ካነሳችሁ በኋላ በብረት ድጋፍ ላይ አስቀምጡት። ድጋፍ ከሌላችሁ ከጋራዥ ተከራዩ ወይም ተዋሱ። ብሎኬት አይሆንም። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ደህና ይመስልና ሳያስጠነቅቅ በአንድ ጊዜ ይደቅቃል። ድንጋይ መደራረብም ያው ነው። ሁለተኛ፣ መሬቱ። የጌዴኦ ቀይ አፈር ዝናብ ከጠጣ በኋላ ክሪክ ይውጣል፤ ከክሪኩም ከድጋፉም ሥር ወፍራም ሰፊ ጣውላ አንጥፉ፣ ዝናብ በጣለ ማግሥት ደግሞ ሥራውን ብታሳድሩት ይሻላል። ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነ፣ ዲላ ውስጥ ብዙው ግቢ እንደዚያ ነው፣ ሌላ ደልዳላ ቦታ ፈልጉ። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ መሬት ላይ የቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግባቸው። ከዚያ ሥሩ ከመግባታችሁ በፊት መኪናውን በጎን በኩል በኃይል ነቅንቁት፤ መውደቁ ካልቀረ እናንተ ውጭ ሳላችሁ ይውደቅ። ብቻችሁን አትሥሩ፤ አጠገባችሁ ሰው ይኑር። ልጆችን ከአካባቢው አርቁ።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ቱቦው ለረጅም ጊዜ ይፋጃል፣ ከሞተሩ አቅራቢያ ያለው ክፍል ደግሞ ብዙ መቶ ዲግሪ ይደርሳል። መኪናው ካደረ በኋላ፣ ጠዋት በቀዝቃዛው ሥሩ። መነጽር አድርጉ፤ ተኝታችሁ ወደ ላይ ስታዩ የሚረግፈው ዝገት ቀጥታ ዓይን ውስጥ ነው የሚገባው።

የዛገውን ዳዶ መፍታት ከሥራው ሁሉ አስቸጋሪው ነው። ዋዜማውን ክሩን በሽቦ ብሩሽ ጠርጉና ዝገት የሚያላላ ዘይት አጠጡት፤ ከሌለ ናፍጣም ይረዳል፣ ማደር አለበት እንጂ። በማግሥቱ አልላላም ካለ ትንሽ አጥብቁትና መልሳችሁ አላሉ፣ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ። ጭራሽ እምቢ ካለ ብሎኑን በብረት መጋዝ ቁረጡት፤ ለአዲሱ አዲስ ብሎን ነው የሚገባው። ግራይንደር የሚያፈጥን ቢሆንም ብልጭታው የሚረጨው ብዙ መኪና ላይ ወደ ነዳጅ ጋኑና ወደ ነዳጅ ቱቦው ነው። እሳት አስነክቶ ማላላትም ለጋራዥ ነው፣ ለግቢ አይደለም።

አሮጌው ማርሚታ የሚንጠለጠልባቸውን ጎማዎች፣ መካኒኮች ጎሚኒ የሚሏቸውን፣ በሳሙና ውሃ ካራሳችኋቸው ሳይቀደዱ ይወጣሉ። ከፈታችሁ በኋላ አጣምማችሁ እዩአቸው፤ ከተሰነጠቁ ቀይሯቸው። እዚህ ላይ የእኛ አገር ልማድ አለ፤ ጎማው ሲበጠስ በሽቦ ማሰር። ሽቦ ማርሚታውን ይይዘዋል፣ ግን ድርቅ አድርጎ ነው የሚይዘው። ሞተር በተነሳና በቆመ ቁጥር ይወዛወዛል፣ ቱቦውም አብሮት መወዛወዝ አለበት። ጎማው ያንን ይቀበላል፤ ሽቦው አይቀበልም፤ ጭንቀቱ ወደ ብየዳው ይሄድና ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። መንገድ ላይ ከተበጠሰባችሁ ከሽቦው ይልቅ የከመነዳሪ ቁራጭ እስከ ጋራዥ ያደርሳችኋል፣ በጣም ከሚግለው ክፍል ራቅ ካለ።

አዲሱን ስትገጥሙ አሮጌ ጓርኒሲዮን፣ መጋጠሚያው መሃል የሚገባውን ማሸጊያ፣ ደግማችሁ አትጠቀሙ። አንዴ ተጨፍልቆ ቅርጹን ይዟል፤ በሌላ ፊት ላይ አይገጥምም። የሚቀመጥበትን ፊት በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አጥሩት። ከዚያ ሁሉንም ነገር መጀመሪያ በእጅ ብቻ፣ ላላ አድርጋችሁ ግጠሙ። መጋጠሚያውን፣ ማሰሪያ ፋሼታውን፣ ጎሚኒውን፣ ሁሉን። ቱቦው አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ዓይነት ከሆነ አራትና አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይደራረብ። ከፊት ጀምራችሁ አጥብቃችሁ ብትሄዱ ኋላ ላይ ጠማማው ሁሉ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ መጀመሪያ መስመሩን አቅኑ፣ ቱቦው ሳይገደድ በራሱ ክብደት ተንጠልጥሎ ይታይ፣ ከዚያ ከፊት ወደ ኋላ እያጠበቃችሁ ሂዱ። ሁለት ዳዶ ያለውን መጋጠሚያ እየተፈራረቃችሁ፣ ጥቂት ከዚህ ጥቂት ከዚያ፣ አጥብቁ።

ብዙ ቶዮታዎች ላይ የምታገኙት አንድ መጋጠሚያ አለ፤ ብሎኑ ላይ ጠምዛዛ ሞላ የተሰካበት። ያ ሞላ ቱቦው እንዲተጣጠፍ የተደረገ ነው። ሞላው ጠፋ ብሎ በተራ ብሎን ድርግም አድርጎ ማሰር መጋጠሚያውን ያደርቀዋል፤ ጭንቀቱ ሌላ ቦታ ይወጣል፣ እንደ ሽቦው።

በየቦታው ቱቦውን በእጃችሁ ግፉት፣ ወዝውዙት። ከፍሬን ቱቦ፣ ከነዳጅ መስመር፣ ከነዳጅ ጋኑ፣ ከማንኛውም ጎማና ገመድ የሁለት ሦስት ጣት ያህል መራቅ አለበት። ፋብሪካው ያስቀመጠውን የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ "ይንኳኳል" ብላችሁ አትጣሉት፤ መልሳችሁ እሰሩት።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው ነገር። መኪናው በድጋፍ ላይ ሳለ የኋላው ጎማ ከነተሸካሚው ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ በላዩ የሚያልፈው ቱቦ ሰፊ ቦታ ያለው ይመስላል። መኪናውን ስታወርዱት ተሸካሚው ወደ ላይ ይጠጋል። የኋላ ወንበር ሞልቶ ጉድጓድ ስታልፉ ደግሞ የበለጠ ይጠጋል። ስለዚህ ካወረዳችሁት በኋላ ሁለት ሦስት ሰው ከኋላ አስቀምጡና፣ ሥሩ ሳትገቡ፣ ከጎን በባትሪ መብራት አጮልቃችሁ ክፍተቱን እዩ። የመጨረሻው ጫፍ ከፓራውልቱ ሥር መቅረት የለበትም፤ ከመኪናው አካል አልፎ ወደ ውጭ መጣል አለበት።

ሞተሩን የምታስነሱት ደጅ ላይ፣ አየር በሚነፍስበት ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትንሽ ጭስ ከቱቦው ገላ ላይ ሊነሳ ይችላል፤ ለዝገት መከላከያ የተቀባው ዘይት ነው፣ ቶሎ ይቆማል። መጋጠሚያዎቹ ገና ሳይግሉ የሳሙና ውሃ አፍስሱባቸው፤ የሚያፈስ ካለ አረፋው ይነግራችኋል። ረዳታችሁ ወፍራም እርጥብ ጨርቅ ይዞ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ለቅጽበት ሸፈን ቢያደርገው ደግሞ ቀዳዳ ባለበት "ጭስስ" የሚል ድምፅ ይሰማል። ሙሉ በሙሉ አይዝጋው፣ ረጅም ጊዜም አይያዘው።

ብየዳ የሚያስፈልግ ከሆነ ቱቦውን ፈታችሁ በያጁ ጋ ውሰዱት። መኪናው ላይ እንዳለ መበየድ ካለበት የባትሪው ኔጌቲቭ መፈታት አለበት፣ አለበለዚያ የኮምፒውተር ሳጥኑ ሊቃጠል ይችላል። በማርሚታ ቱቦ ፋንታ የጋልቫናይዝ የውሃ ቧንቧ መቀጠልም ተለምዷል። ከባድ ነው፣ ማንጠልጠያውን ይበጥሳል፤ ከሁሉም በላይ ዚንኩ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ በያጁን ማታ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያሲዘዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ የፊቱን ክፍል ለምን ለባለሙያ ተዉት እንዳልኩ ላስረዳ። ከሞተሩ ቴስታታ የሚወጣውን ጭስ ከሚሰበስበው ክፍል ቀጥሎ ኦክስጅን የሚለካ ሴንሰር አለ። ከእሱ በፊት ትንሽ ቀዳዳ ቢኖር በምትና በምት መካከል የውጭ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ሴንሰሩ "አየር በዛ፣ ነዳጅ አነሰ" ብሎ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጅ ይጨምራል። ቤንዚን ለመቅዳት ተሰልፈን በምንውልበት ዘመን በመርፌ ቀዳዳ ምክንያት ነዳጅ መጨመር ያበሳጫል። በቴስታታው ላይ የዛገ ብሎን ከተሰበረ ደግሞ ማውጣቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

እዚያው አካባቢ ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባለው ዕቃ አለ። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዩጂን ሁድሪ የሠራበት ሐሳብ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በብዛት መኪና ላይ መገጠም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1975 ሞዴሎች ነው። ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በሚባሉ ውድ ማዕድናት የተለበጠ የማር እንጀራ የመሰለ ሸክላ በውስጡ አለ፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። "ይህ ነገር መኪናውን አንቆታል፣ ሆዱን እናውጣው" የሚላችሁ ሰው ካለ መጀመሪያ ለምን እንደተዘጋ ጠይቁት። ካታሊቲክ በራሱ አይዘጋም፤ ዘይት የሚበላ ሞተር ወይም የማትተኩስ ካንዴላ ነው የሚዘጋው። ይህ ዕቃ በጣም ስለሚግል ደግሞ በደረቅ ሣር ወይም በተከመረ የቡና ገለባ ላይ መኪና አታቁሙ፤ እሳት ያስነሳል።

አሁን ተሳፋሪውን ወደሚመለከተው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደም ቀይ ሕዋስ ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። በብርድ ሌሊት ከሰል በተዘጋ ቤት አስገብቶ የተኛ ቤተሰብ ለምን እንደማይነቃ ሁላችንም እናውቃለን፤ ያው ጋዝ ነው። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መድከም፣ እንቅልፍ ናቸው፤ ተሳፋሪው ግን "መንገዱ አዞረኝ" ይላል።

ጋዙ ወደ መኪና የሚገባው በተበሳ ማርሚታና በዛገ ወለል ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። የኋላውንም በር አስቡ። ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ የሚወጣ ሚኒባስ ከኋላ አናናስ፣ ቆጮ ወይም የቡና ጆንያ ተጭኖበት በሩ አልዘጋ ሲል በገመድ ይታሰራል። መኪናው ሲሄድ ከኋላው ግፊቱ ዝቅ ያለ የአየር ክፍተት ይፈጠራል፤ ከጭስ ማውጫው የወጣው ጭስ እዚያ ይሽከረከርና በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ይሳባል። ማርሚታው አዲስና ጥብቅ ቢሆንም እንኳ። የፊት መስኮቶች ተዘግተው ከሆነ ይብሳል፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሁሉም ይዘጋቸዋል። ሾፌሮች፣ በሩ አልዘጋ ካለ ጭነቱን ከላይ አውጡት። ግድ ከሆነ የፊት መስኮቶች ይከፈቱ፤ ተሳፋሪ በነፋሱ ቢያጉረመርምም ይከፈቱ። ተሳፋሪዎች፣ የኋለኛው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሕፃን ያለ ወትሮው ካንቀላፋ ወይም ካስታወከ መኪናውን አስቁሙና ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ ካልተሻለው ጤና ተቋም ውሰዱት።

ወደ ገጠማችሁት ማርሚታ ልመለስና ልጨርስ። አንድ ረዘም ያለ ጉዞ፣ ለምሳሌ እስከ ሐዋሳ፣ ከሄዳችሁ በኋላ መኪናው ይቀዝቅዝና ዳዶዎቹን ሁሉ ደግማችሁ አጥብቁ፤ ብረቱ ግሎ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የነበረው ጥብቀት ይላላል። ጎሚኒዎቹ እንዳልወጡ እዩ። መጋጠሚያው አካባቢ ጥቁር ጥላሸት ካያችሁ እዚያ ያፈስሳል።

የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ደግሞ "ቆራሌው!" እያለ ለሚያልፈው ትሰጡት ይሆናል፤ ጥሩ ነው፣ ብረቱ ይቀልጣል፣ ሌላ ይሠራበታል። ካታሊቲኩ አብሮ ከወጣ ግን ቆርጣችሁ ለብቻ አስቀምጡት። ውስጡ ያለው ማዕድን በዋጋ ከብረቱ እጅግ ይበልጣል፤ ከቆርቆሮው ጋር በኪሎ እንዳትመዝኑት።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)